ፋሻው ሳይፈታ

ኮልፌ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፣ ለአቶ ገብረአምላክ፤

ሐኪም ቤት ውሎ የተመለሰ ሰው «ቆይ ግን፣ ይኼ ሐኪም አየኝ ወይስ ዝም ብዬ በፊቱ አለፍኩ?» ብሎ ራሱን ሳይጠይቅ ይቀራል? ዛሬ እናቴን ደግፌ ስመለስ መንገዱን ሙሉ የጠየቅሁት ይህንኑ ነው። ሰላምታዬን ሳላስቀድም በጥያቄ ስለጀመርኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ንዴቱ ከእጄ ቀደመ። ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? የቀራንዮው መድኃኔ ዓለም በሄዱበት ሁሉ ጥላ ይሁንልዎ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ደህና ነን ማለቴ፣ እናቴ ታማለች። መስከረም ላይ፣ በየካቲቱ እሳት ከተቃጠለው ቤታችን ፍርስራሽ ለአዲሱ ጎጆ የሚሆን ቆርቆሮ ስታወጣ ቅልጥሟን ቆረጣት። ቁስሉ መጀመሪያ የጥፍር ያህል ነበር፤ አሁን የስኒ አፍ ያህላል። ጣሊያኖቹ ለአገሬው ሰው ብለው ኮልፌ መንገድ ዳር ባቆሙት ሐኪም ቤት ቢጫ ካርድ ተሰጥቷት ማክሰኞና ዓርብ እወስዳታለሁ። ካርዷን በክር አድርጋ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አስራታለች። ካርድ የሌለውን ዘበኛው አያስገባም።

ሕክምናውን ልንገርዎ። ጎህ ሲቀድ ሄደን ባሕር ዛፉ ሥር እንሰለፋለን። ዶቶሬው፣ ጣሊያኑ ሐኪም፣ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል። ከጠረጴዛው ፊት ሦስት እርምጃ ያህል ርቆ ገመድ ተወጥሯል፤ በሽተኛ ገመዱን አያልፍም፣ እሱም አያልፍም። ከወዲያ ሆኖ አንድ ነገር ይጠይቃል፣ አስተርጓሚው ይመልሳል፣ ይጽፋል፣ «ቀጥል!» ስድስት ጊዜ ሄደን ፋሻዋን አስፈትቶ ቁስሉን ያየው አንዴ ብቻ ነው። ሌላውን ቀን የሚያየው መዝገቡን ነው።

እኔን የሚያሳብደኝ ግን አስተርጓሚው ነው። ሰብስቤ ይባላል። አሥመራ ግንበኛ ሳለ የለቀማትን ጣሊያንኛ ይዞ የመጣ ሰው ነው። እኔ ደግሞ እንደሚያውቁት ፈረንሳይኛውን ከትምህርት ቤት ይዤ ወጥቻለሁ፤ ጣሊያንኛውን በስድስት ወር ደረስኩበት። ስለዚህ የሚለውን እሰማለሁ። ዛሬ ዶቶሬው «እንዴት ናት?» ሲል እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጅ ነስታ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እርስዎስ ደህና ነዎት?» አለች። ሰውዬው ምን ብሎ ተረጎመ መሰለዎት? «ማሌ! ማሌ!» ክፉኛ ታማለች፣ እግሯ እሳት ሆኗል፣ ከሰኞ ጀምሮ አልተኛችም! እጁን እያወናጨፈ! አንዱንም አላለችም እኮ! ከኋላችን የነበሩት ሽማግሌም «ተመስገን» ከማለታቸው «ሳንባቸው አልቋል» ብሎ ተረጎመላቸው። ዶቶሬው ሰዓቱን እያየ ይነጫነጫል። ሰልፉ በዚህ ቀጣፊ ወሬ ይጓተታል፤ ከሰዓት በኋላ ግማሹ ሕዝብ ሳይታይ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ከየካቲት ወዲህ የትምህርት ቤት ወረቀቴን በጣሳ አድርጌ ጓሮ ቀብሬዋለሁ፤ በተማረ ወጣት ላይ የደረሰውን ሰምተዋል። ግን ጋሼ፣ እኔም አብሬው መቀበር አቃተኝ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። በሚመጣው ዓርብ ለዶቶሬው በራሱ ቋንቋ እነግረዋለሁ። የሚባለውን ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው ቢገኝ ይህ ሐኪም ቤት በአንድ ወር ይለወጣል።

ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ ባቡር ላይ የሚሠራው ወዬሳ ነው። በፖስታ ቢሄድ ከእርስዎ በፊት ብዙ ዓይን ያየዋል።

ታዛዥ ልጅዎ ቀለመወርቅ


ጅቡቲ፣ ኅዳር ፲፭ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቀለመወርቅ፤

ሰላምታዬ ከዚህ ከባሕሩ ዳር ተነሥቶ እናንተ ደጃፍ ድረስ ይግባ። የእህቴን የወለተጻድቅን እግር እግዚአብሔር በምሕረት እጁ ይዳስስ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በአንድ የመናዊ መጋዘን ውስጥ ቆዳ ስደረድር እውላለሁ። የጨዉና የቆዳው አቧራ ትንሽ ያስለኛል እንጂ ሌላ የለብኝም።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያ ገመድ ያልከው ነገር ሆዴን አቃጠለው። በሽተኛ እንደ ከብት በሩቅ ሲታይ! ስለ አስተርጓሚው ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህ ሰው ሲዋሽ ምን ያገኛል? ከእናትህ የተቀበለው ነገር አለ? ዘመዷ ነው? ዶቶሬው እየተቆጣው፣ እንጀራውን ሊያጣ እየቻለ፣ ለማያውቃት ሴት ብሎ እጁን የሚያወናጭፈው ለምንድን ነው? ይህን ሳታውቅ ለዶቶሬው ምንም እንዳትናገር።

ደግሞ አንተ እናትህን አታውቃትም። አሥር ዓመቷ ሳለ ውሻ ነከሳት። በዚያው ሰዓት አባታችን እንግዶች ይዘው ገቡ። ማስታጠቢያውን አንሥታ የሁሉንም እጅ ስታስታጥብ ቆየች፤ እንግዶቹ «እንዴት ነሽ ልጄ?» ሲሏት «ደህና ነኝ» እያለች። ደሙን ከቀሚሷ ሥር ያየነው ሰዎቹ ወጥተው ካለቁ በኋላ ነው።

ወዬሳ ድሬዳዋ ላይ ለጥገና እንቆያለን ስላለኝ ይህ ደብዳቤ ሳይዘገይ አይቀርም። እስኪደርስህ ድረስ እግዚአብሔር አፍህን ይጠብቅልኝ።

አጎትህ ገብረአምላክ


ኮልፌ፣ ታኅሣሥ ፳፫ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴም ለአጎቴም ለአቶ ገብረአምላክ፤

የመጪው ልደት በረከት ያሉበት ድረስ ይምጣልዎ! እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነን። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ነገሩ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ምክርዎን ሳልሰማ በመቅረቴ አይቀየሙኝ፤ ውጤቱን ሲሰሙ ይደሰታሉ።

ጋሼ፣ ሥራ አገኘሁ! ያልኩትን አደረግሁ። ተራችን ሲደርስ ለዶቶሬው «ክቡር ሆይ፣ ይህ ሰው በሽተኞቹ ያላሉትን ነው የሚነግርዎ» አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። ሦስት በሽተኞች አቁሞ ሁለታችንንም አስተረጎመን። የኔ መልስ በሦስት ቃል ያልቃል፣ የሰብስቤ እንደ ተዝካር ይረዝማል። በዚያው ቀን ሰብስቤ ተሰናበተ። ሲወጣ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ አንዴ አየኝና ሄደ። ለነገሩ እንዲህ ያለ ሰው ምን ይላል?

አሁን ሥራው ሲሄድ ቢያዩት! በፊት በቀን አርባ ሰው ይታይ ነበር፤ አሁን ዘጠና። ዶቶሬው ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ «ሰዓት አክባሪው» ይለኛል። የምታስቸግረኝ ጎረቤታችን አልፊያ ብቻ ናት፤ ቅቤ ነጋዴዋን ያስታውሷታል? ገና ከበር «ወላሂ ሞትኩ! ጎኔ ተቀደደ! ዛሬ ሳታዩኝ ብሄድ እዚሁ ነው የምቀበረው!» ብላ ገመዱን ተሻግራ ጠረጴዛው ላይ ልትወጣ ምንም አልቀራት። ያን ሁሉ ጩኸት ቃል በቃል ስተረጉም ላብ አሰመጠኝ። ዶቶሬው ራሱ ተነሥቶ ጎኗን ዳሰሰ፣ መርፌም አዘዘላት። ሕዝቡ ሳቀ።

እናቴም ድናለች ተብሎ ተጽፎላታል፤ ካርዷም እዚያው ቀርቷል። ከእንግዲህ ሰልፍ የለባትም።

አንድ ልመና አለኝ። ከጅቡቲ የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት፣ ከተቻለም ቁጥር ፵፩ ጥቁር ጫማ ቢልኩልኝ። ዶቶሬው ጎን በዚህ ጫማ መቆም አሳፈረኝ።

ልጅዎ ቀለመወርቅ


ጅቡቲ፣ ጥር ፳ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለቀለመወርቅ፤

ጤና ይስጥልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ለጣሊያን በማደርህ አልወቅስህም፤ ሰው መብላት አለበት፣ እኔም ለየመናዊው ቆዳ ስደረድር ነው የምውለው። ግን ደብዳቤህን እዚህ አብረውኝ ላሉት ለእነ ተክለማርያም ሳነብላቸው አንዱ «የእህትህን ነገር ዘለልከው እንዴ?» አለኝ። አልዘለልኩትም። አንተ ነህ የዘለልከው። ስለ ራስህ ሁለት ገጽ፣ ስለ እናትህ ሁለት መስመር።

ስለዚህ ልጠይቅህ። ድናለች የተባለ ቀን ፋሻው ተፈትቶ ነበር? ቁስሉ ገጥሞ በዓይንህ አይተሃል? ዶቶሬው ሲጠይቃት ምን አለች? ማን ተረጎመላት?

መዝገበ ቃላቱን ልኬልሃለሁ። ጫማው የእህቴ እግር መሬት ሲረግጥ ይደርሳል።

ገብረአምላክ


ኮልፌ፣ መጋቢት ፲፩ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ፤

እንደምን ከርመዋል? ለጾሙ ብርታት ይስጥዎ። እኔ ደህና ነኝ። እናቴም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ናት፤ ሰላም በልልኝ ብላለች። ሥራ ስለበዛብኝ ሳልጽፍ ቆየሁ።

ጫማው ይቅር። ይልቅ እዚያ ከፈረንሳዮቹ መድኃኒት ቤት ቁስል ላይ የሚነሰነስ ዱቄት፣ አዮዲንና ብዙ ፋሻ ቢገኝ ለወዬሳ ይስጡልኝ። ለአንዲት ጎረቤት ነው። በሚቀጥለው ባቡር ቢሆን።

ቀለመወርቅ


ጅቡቲ፣ ሚያዝያ ፲፬ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለቀለመወርቅ፤

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ወዬሳ ባለፈው ቤታችሁ ገብቶ ነበር። እህቴ ከመደቧ ሳትነሣ «ደህና ነኝ፣ ግባ፣ ምን ልስጥህ?» አለችኝ አለ። «ሽታው ግን በር ላይ ተቀበለኝ» አለ። ይህን ሲነግረኝ ቀና ብሎ አላየኝም።

ዱቄቱም አዮዲኑም ፋሻውም በእጁ ነው። ለጎረቤት ያልከውን ለእናትህ አድርግላት። ሌላ ሐኪም ዘንድም በሸክምም ቢሆን አድርሳት።

ጥያቄዬን አልመለስክም። ማን ተረጎመላት?

ገብረአምላክ


ኮልፌ፣ ሰኔ ፬ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለአቶ ገብረአምላክ፤

ወዬሳን «ደብዳቤውን ከመስጠትህ በፊት እነ ተክለማርያምን ሰብስበህ ማልዳችሁ ቤታቸው ሂዱ» ብዬዋለሁ። መርዶውን ከሰው አፍ፣ ሰው መካከል ሆነው ሰምተው እንደሆነ ተስፋ አለኝ። ወረቀት አቅፎ አያስለቅስም። እህትዎ ወለተጻድቅ ግንቦት ፳፪ ቀን ዐረፈች። ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም አስቀመጥናት።

አሁን የጠየቁኝን ልመልስ። የተረጎምኩላት እኔ ነኝ።

ሰብስቤ በተሰናበተ በተከታዩ ማክሰኞ ነው። ከጠረጴዛው ጎን ቆሜ ስታየኝ ፊቷ በራ። ያን ቀን ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ነበር የመጣችው፤ ልጇን ለማየት እንጂ ለመታከም የመጣች አትመስልም። ዶቶሬው «እንዴት ናት?» አለ። እኔ «እንዴት ነሽ ይልሻል» አልኳት። እጅ ነሳችና «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እርስዎስ ደህና ነዎት?» አለች። «ስታ ቤኔ» አልኩ፤ ደህና ናት ማለት ነው። ከዚያ የበለጠ ትክክለኛ ትርጉም የለም። ዶቶሬው «ብራቮ» ብሎኝ መዝገቡ ላይ ድናለች ብሎ ጻፈ። ፋሻው አልተፈታም። ካርዷን መልስ ሲለኝ ክሩን ከአንገቷ የፈታሁት እኔ ነኝ። ከማተቧ ጋር ተጠላልፎ ስለነበር ጥቂት ቆየሁ፤ እሷም እንዲመቸኝ አንገቷን ዝቅ አደረገችልኝ።

ጥር ላይ መቆም አቃታት። ለዶቶሬው ነገርኩት። ሳቀብኝ። «አንተው አይደለህም ደህና ናት ያልከኝ? ወይስ አንተም እንደዚያኛው ሰውዬ ጀመርክ?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ደግሜ አልጠየቅሁትም። ፈራሁ። ለእሷ ስነግራት «ተወው በቃ፤ ገና አሁን ሰው ሆንክ» አለችኝ። እኔም ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። መጋቢትን ሙሉ በቀን ዘጠና ሰው እያሳለፍኩ፣ ማታ እየገባሁ «እንዴት ዋልሽ?» እላታለሁ። «ደህና» ትለኛለች። እኔም ሽታው እያፈነኝ እቀበላታለሁ።

የመጨረሻው ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ዱቄቱን ነሰነስኩ። ቁስሉ ከጉልበቷ አልፎ ነበር። ያኔ ሰብስቤን ፍለጋ ወጣሁ። አዲሱ ገበያ ጥግ፣ የግንብ ድንጋይ ሲጠርብ አገኘሁት።

«አንተ ምሁሩ!» አለኝ መዶሻውን ሳያስቀምጥ። «ምን ልተርጉምልህ?»

«ጋሽ ሰብስቤ፣ እናቴ ልትሞትብኝ ነው።»

«ምን አለች?»

«ደህና ነኝ።»

መዶሻውን አስቀመጠ። «እንግዲህ ስማ። እኔ ጣሊያንኛ አልችልም። የማውቃት የግንበኛ ጣሊያንኛ ናት፤ ድንጋይ አምጣ፣ ውኃ ጨምር። አማርኛ ግን እችላለሁ። የኛ ሰው እንዴት ነህ ሲሉት ደህና ነኝ የሚለው ስለ ጤናው ሲጠየቅ አይደለም፤ ሰላም ሲሉት ነው። ስለዚህ አፉን ትቼ እግሩን አያለሁ። አቋቋሙን አያለሁ። ፈረንጁ ደግሞ ካልጮህክለት ከወንበሩ አይነሣም። እናትህ ዓርብ በመጣች ቁጥር ቀኝ እግሯን ከመሬት አንሥታ ነበር የምትቆመው። አንተ እየደገፍካት አላየህም?»

አላየሁም። እኔ የምሰማው የእሱን ሰዋስው ስህተት ነበር።

በማግሥቱ ሰብስቤና እኔ በቃሬዛ ተሸክመናት ሄድን፤ አልፊያ ከፊት። ዘበኛው ካርድ ሲል አልፊያ «ካርዱን ከሞተች በኋላ አምጥቼ ፊትህ ላይ እለጥፈዋለሁ! ክፈት!» ብላ ገፍታው ገባች። ዶቶሬው በጩኸቷ ተነሣ። ያን ገመድ ተሻገረ። ፋሻውን በራሱ እጅ ፈታውና ወዲያው መልሶ ሸፈነው። «በጥር አምጥተሃት ቢሆን እቆርጠው ነበር» አለኝ። በጥር! ከዚያ ልማድ ሆኖበት «እንዴት ናት?» አለ። እናቴ ዓይኗን ገለጠችና ነጠላዋን ለማስተካከል እጇን ስታነሣ አየሁ። ሳትናገር ቀደምኳት። «ማሌ» አልኩት። «በጣም ማሌ።» «አያለሁ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ኖረች።

አሁንም እዚያው ነኝ። «እንዴት ነዎት» ብዬ ግን አልጠይቅም። የት ነው የሚያምዎት? ትናንት እህል ቀመሱ? እስቲ እጅዎን አንሡ። ዶቶሬው ሰልፉ እንደገና ተጓተተ እያለ ያጉረመርማል፤ ክረምቱን የሚያሳልፈኝ አይመስለኝም። ገመዱም እንዳለ ነው።

ጋሼ፣ ደብዳቤዎችዎን ትናንት በተርታ ዘርግቼ አነበብኳቸው። ሁሉም «ደህና ነኝ» ይላሉ። የመጀመሪያው ላይ አቧራው ትንሽ ያስለኛል ብለው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሳሉን አላነሡትም። የሚያዝያው ደብዳቤ ጽሕፈት የእርስዎ አይደለም፤ ስምዎ ሥር ያለው ፊርማ ብቻ የእርስዎ ነው፣ እሱም ይንቀጠቀጣል። ወዬሳን አስጨንቄ ጠየቅሁት። ከመጋዘኑ እስከ ባቡር ጣቢያው ሦስት ጊዜ መቀመጥዎን፣ መሐረብዎን ከእሱ ሰውረው ኪስዎ መክተትዎን ነገረኝ።

እባክዎን ይመልሱልኝ። ሰላምታውን ይዝለሉት፣ ምርቃቱን ለሌላ ጊዜ ያቆዩት። የቱ ጋ ነው የሚያምዎት? ሳሉ ደም አለው? ከመቼ ጀምሮ? ሌሊት በጎንዎ ይተኛሉ ወይስ ቁጭ ብለው? እዚያ ሐኪም አይቶዎት ከሆነስ ልብስዎን አውልቀው ነው ያየዎት? ማን ነው የተረጎመልዎ?

ወዬሳ ሐሙስ ይመለሳል። ሌላ ሰው ቢጽፍልዎም ግድ የለም፤ ብቻ ደህና ነኝ አይበሉኝ።

ልጅዎ ቀለመወርቅ